ውርጭ ሽቅብ ሲሸሽ፦ የጅብራ ጉዳይ ጥናት

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ በጽድና በኮሶ መካከል ይወጣል። ከፍ እያለ ሲሄድ ጽዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ኮሶው ይበረክታል፤ ከዚያ አስታው ይረከባል። አስታውም እየኮሰሰ፣ ከዛፍነት ወደ ቁጥቋጦነት እየወረደ ሄዶ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው የሳነቲ አምባ ነው፤ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ነፋስ የማይለየው ገላጣ ሜዳ። ዛፍ ይበቅልበታል ተብሎ በማይታሰበው በዚህ ሜዳ ላይ፣ በጉም ውስጥ ቆሞ መንገደኛ የሚጠብቅ ሰው የሚመስል ነገር ይታያል። ጉሙ ሲገለጥ ሌላም አለ፣ ከኋላውም ሌላ፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ። ጅብራ ነው።

የአየር ንብረት ሲለዋወጥ ዕፅዋት ምን ያደርጋሉ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በጥቅሉ ይነሳና በጥቅሉ ይመለሳል፦ ይላመዳሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ወይም ይጠፋሉ። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ግን ምንም አያሳይም። ጅብራን የመረጥሁት ታሪኩን ከአራት አቅጣጫ መመርመር ስለሚቻል ነው። በተራራው ላይ የቀረው ዐለት ይመሰክርለታል፤ የሐይቅ ደለል ይመሰክርለታል፤ የራሱ ዘረመል ይመሰክርለታል፤ ወደፊት የሚገጥመውን ደግሞ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተውታል። አራቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። እኛ የበረዶ ዘመን ሲባል የመከራ ዘመን ይመስለናል። ለጅብራ የተድላ ዘመኑ እሱ ነበር። ዛሬ ሳነቲ ላይ እንደ ሠራዊት ተሰልፎ የምናየው፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ እየተገፋ ወደ ላይ የሸሸው ቅሪት ነው።

የውርጭ ልጅ

ሳይንሳዊ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ ይበቅላል፦ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ፣ በአርሲ ከፍታዎች፣ በጮቄ፣ በጉና፣ በአቡነ ዮሴፍና በመሰሎቻቸው። ገበሬያችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ሲከፍል የመጨረሻውን ክፍል በቅዝቃዜው ስም ጠርቶታል። ጅብራ የዚህ የመጨረሻው ክፍል ነዋሪ ነው። የአትክልት ስፍራ ማስጌጫ ሆነው የሚሸጡት ሰማያዊ ትንንሽ የሎቤሊያ አበቦች ዘመዶቹ ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን እውነት ነው።

አካሉ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም ግንድ አለው፤ ቅርንጫፍ የለውም፤ ጫፉ ላይ ረጃጅም ቅጠሎች እንደ አክሊል ተደርድረው ይቀመጣሉ። ረጅም ዓመታት እንዲሁ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። የአበባው ዘንግ ከአክሊሉ መካከል ወጥቶ ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛል፤ የአበባ ማር ፈላጊ ወፎች ይመላለሱበታል፤ እንደ ትቢያ የቀለለ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል፤ ከዚያ ተክሉ ቆሞ ይደርቃል። ሁለተኛ ዕድል የለውም።

እንዲህ ያለውን አካል ምን ቀረጸው? ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኡሎቭ ሄድበርግ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች አየር ሲገልጽ፣ በየቀኑ የአውሮፓ ሞቃት ወቅት፣ በየሌሊቱ የአውሮፓ የበረዶ ወቅት ነው የሚል ሐሳብ ትቶልናል። ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሱ «በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት» የሚሉ አጋጥመውኛል፤ የእኛን አገር ግን ያሳስታል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ውርጩ የሚበረታው ሰማዩ በጠራበት በበጋ ሌሊት ነው። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ በእነዚህ ተራሮች ላይ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። የአውሮፓ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ብርዱ እስኪያልፍ ይተኛል። ጅብራ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ቅጠሉን ሊያራግፍ አይችልም።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አበጀ። ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መሐል ያለችውን እምቡጥ ይሸፍናል፤ ሲነጋ ይዘረጋል። ያቺ እምቡጥ የዕድገቱ ምንጭ ናት፤ ቅርንጫፍ ስለሌለው እሷ ከቀዘቀዘች ሁሉም ነገር አበቃ። ግንዱም ያለ ነገር አልረዘመም። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ከሁሉ የሚቀዘቅዘው መሬት ላይ የተኛው አየር ነው፤ አክሊሉን ከፍ አድርጎ የተሸከመ ተክል ከዚያ አየር ያመልጣል። ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው በባሌ ተራሮች ላይ የጅብራን ዙሪያ ገብ አየር ለክተው፣ ዛፍ መሰል ቁመናው ለተክሉ ያለውን ጥቅም የሚመረምር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትመዋል።

ይህ ቁመና የጅብራ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ ኤስፔሌሺያ የተባለ ተክል አለ፤ በሃዋይ ሐሌአካላ ተራራ ላይ ደግሞ ሲልቨርስወርድ የተባለ አለ። ሁለቱም ከጅብራ ጋር አይዛመዱም፤ ቤተሰባቸው የአደይ አበባ ቤተሰብ ነው። ሆኖም ተመሳሳይ ሌሊት ተመሳሳይ አካል ሰጣቸው፤ ጫፍ ላይ የተሰበሰበ የቅጠል አክሊል፣ የምትጠበቅ እምቡጥ፣ የሚመዘዝ የአበባ ዘንግ። ዝግመተ ለውጥ ለሦስት የማይተዋወቁ ወገኖች በሁለት አህጉሮችና በአንድ ደሴት ላይ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ፣ ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ያስረዳል።

ግዙፍ ሎቤሊያዎች ከየት መጡ የሚለውም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናት መነሻቸውን ወደ ምሥራቅ እስያ ወስዶታል። ከዚያ ተነስተው አፍሪካ ደረሱ፤ በተራራ ደን ውስጥ የሚኖሩና ከዛፍ ወሰን በላይ የወጡ ዝርያዎች ሆኑ። ሎቤሊያ ጂቤሮዋ የተባለው ዘመዱ ዛሬም በእርጥብ ደኖቻችን ውስጥ ይኖራል። ጅብራ ግን ወደ ላይ የወጣው ነው፤ ውርጭን ተምሮ ከውርጭ ጋር የተጋባ።

በረዶው ሲወርድ

ባሌ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። የዛሬ የሳነቲ እረኛ ይህን ሲሰማ የሚገረም ይመስለኛል፤ ነገር ግን ግግሩ እየተንፏቀቀ ገፍቶ የቆለለው ድንጋይ አሁንም በሸለቆዎቹ አፍ ላይ ተጋድሟል። የዐለቱን ዕድሜ ለማወቅ ዘዴ አለ። አንድ ድንጋይ ከበረዶው ተላቅቆ ለሰማይ ሲጋለጥ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በውስጡ ክሎሪን-36 የተባለ አተም ይፈጥራል፤ ያ አተም ምን ያህል እንደ ተጠራቀመ በመለካት ድንጋዩ ለስንት ዘመን ፀሐይ እንዳየ ይታወቃል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። በኢትዮጵያ ተራሮች የበረዶ ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነበር፤ ዓለም በጠቅላላው እጅግ ከቀዘቀዘበት ጊዜ አስቀድሞ ማለት ነው። ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6.0 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብሎ ነበር። የውርጭ ምድር ዕፅዋትም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረዱ።

700 ሜትር ቁልቁል መውረድ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ተራራ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ታች የወረደ ሁሉ ርስቱ ይሰፋል። ጅብራ ዛሬ የቆመበትን የሳነቲን ከፍታ በከፊል ለበረዶው አስረክቦ ነበር፤ በምትኩ ግን ዛሬ አስታና ኮሶ የያዙትን ገደላገደል፣ ከዚያም በታች ያለውን ሰፊ ትከሻ አገኘ። የሌላው መከራ ለእሱ ርስት ሆነ።

በዚያው ዘመን ሰውም እዚያው ነበር። ፊንጫ ሐበራ በተባለው የባሌ ዋሻ ውስጥ የተደረገ ቁፋሮ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት አዳኞች በዚያ ከፍታ ይኖሩ እንደ ነበር አሳይቷል። የሚበሉት በአብዛኛው የባሌን ግዙፍ ፍልፈል ነበር። እነዚያ ሰዎች ጅብራን ያውቁት ነበር ብዬ ለማሰብ አልቸገርም፤ ደጃፋቸው ላይ ነበርና።

ደለሉ የሚናገረው

ከበረዶው ዘመን በኋላ ያለውን ለማወቅ ወደ ገርባ ጉራቻ እንሂድ። የበረዶ ግግር ፈልፍሎት የሄደ ጎድጓዳ ሥፍራ ላይ፣ 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው። ሟቹ ፕሮፌሰር መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ከሐይቁ ወለል 16 ሜትር ርዝመት ያለው የደለል ዓምድ አወጡ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝ በየዓመቱ ሐይቁ ውስጥ ይሰጥማል፤ ደለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አይበሰብስም። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጽዱ ከአስታው፣ የአስታው ከሣሩ ይለያል። ታሪክ ጸሐፊ የሌለው ምድር መዝገብ ይህ ነው።

ደለሉ መቀመጥ የጀመረው ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በረዶው ከጎድጓዳው ሥፍራ ሲለቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ምድሩ ራቁቱን ነበር ማለት ይቻላል፤ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ሣርና ጥቂት ቅጠላ ቅጠል ብቻ የያዘ። ከዚያ እርጥበት መጣ። ከ11,200 ዓመት ገደማ በፊት አስታው ወደ ላይ ወጣ፤ ዛሬ ገላጣ የሆነውን ከፍታ ያዘው። ከዛሬ 6,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ ዝናቡ ሲቀንስ አስታው ከአምባው አፈገፈገ፤ ታች ያሉት የጽድና የዝግባ ደኖች ተስፋፉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የሳነቲ ሜዳ «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ» የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። አንድ ጊዜ በረዶ፣ አንድ ጊዜ ጠፍ፣ አንድ ጊዜ የአስታ ቁጥቋጦ ነበር። ጅብራ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈው አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ በመጽናት አይደለም፤ በትውልድ በትውልድ ዘሩን እየላከ ወደ ታችና ወደ ላይ በመመላለስ ነው። ሰው ዛፍን የጽናት ምሳሌ ያደርገዋል፤ የዕፅዋት ታሪክ ግን የስደት ታሪክ ነው። ስደቱ የሚሳካው ደግሞ መሄጃ ሲኖር ብቻ ነው።

የሰማይ ደሴቶች

የኢትዮጵያን ካርታ ከ3,500 ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ትተን ብንቆርጠው፣ የሚቀረን በባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶች የሚመስል ነው። አንዱ ደሴት ሰሜን፣ አንዱ ጮቄ፣ አንዱ አቡነ ዮሴፍ፣ አንዱ ባሌ። በመካከላቸው ያለው ወይና ደጋና ቆላ ለጅብራ እንደ ውቅያኖስ ነው።

በቅዝቃዜው ዘመን ይህ ውቅያኖስ ጎድሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ የኮምፒውተር ቅምር (ሞዴል) የውርጭ ዕፅዋት የታችኛው ወሰን በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከዛሬው በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ እንደ ነበር ገምቷል። ከዐለቱ የተገኘው 700 ሜትር ነው፤ ዘዴው የተለያየ፣ ዘመኑም ትንሽ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹ መራራቃቸው አያስደንቅም። ያም ሆነ ይህ አንዳንድ ደሴቶች ተገናኝተው ነበር። ስምጥ ሸለቆውን ግን ያኔም ቢሆን ደረጃ በደረጃ የሚሻገር መንገድ አልተገኘም። የባሌና የአርሲ ወገን ከሰሜን ወገን ጋር ለመገናኘት ዘሩ በነፋስ መብረር ነበረበት።

ይህ ለዘረመሉ ትልቅ ትርጉም አለው። ለረጅም ዘመን የተለያዩ ወንድማማቾች ቀስ በቀስ የየራሳቸውን ጠባይ ያወርሳሉ። ስለዚህ ጅብራ አንድ ስም ቢኖረውም ሀብቱ በአንድ ተራራ ላይ አልተቀመጠም። አንዱ ተራራ ሲራቆት የሚጠፋው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ የማይገኝ ውርስም ነው።

3.4 በመቶ

እ.ኤ.አ. በ2016 ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ «ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን» በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት የዚህ ጉዳይ ልብ ነው። መጀመሪያ ጅብራ ዛሬ የሚገኝበትን ቦታና የቦታውን አየር አዛመዱ። ቀጥለው በሁለት የአየር ንብረት ቅምሮችና በአራት የጋዝ ልቀት መንገዶች የወደፊቱን አየር ተክተው፣ የሚስማማው ቦታ የት እንደሚቀር ጠየቁ። በሌላ በኩል የየተራራውን ጅብራ የዘረመል አሻራ መርምረው፣ ቦታው ሲጠፋ ምን ያህሉ ውርስ አብሮ እንደሚጠፋ አሰሉ።

መልሱ በሁሉም ስሌት ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2080 ከዛሬው መኖሪያው በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ ይቀራል። ከዘረመል ብዝኃነቱ 82 በመቶው ይጠፋል፤ ግምቱ ከ75 እስከ 87 በመቶ ባለው መካከል ይዋልላል። የሚቀረውም አንድ ላይ አይደለም፤ በአራት የተራራ ጫፎች ላይ የተበጣጠሰ ነው።

ቁጥሩ የተጋነነ የሚመስለው ሰው በጣቱ ሊያሰላው ይችላል። በተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አየሩ በ3 ዲግሪ ቢሞቅ የለመደውን ቅዝቃዜ የሚፈልግ ተክል 500 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት። ጮቄንና ጉናን እንውሰድ፤ ሁለቱም ጫፋቸው ከ4,000 ሜትር ብዙም አይዘልም። ዛሬ 3,600 ሜትር ላይ ያለው ጅብራ 4,100 ሜትር ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ነው ማለት ይቻላል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የባሌው ጫፍ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ስለሆነ ጥቂት ቦታ ይተርፍላቸዋል፤ ያውም ጫፍ ላይ፣ ተራራው በሚጠብበት፣ አፈሩ በሚሳሳበት።

በበረዶው ዘመን ርስቱን ያሰፋለት የተራራው ቅርጽ አሁን በተቃራኒው ይሠራበታል። የወጣ ሁሉ ይጠበዋል።

የማምነውና የምጠራጠረው

ቅምር ትንቢት አይደለም፤ ይህን ጥናት ሳነብም የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። የአየር ንብረት ካርታ ሰፋፊ አራት ማዕዘኖችን እንደ አንድ ቦታ ይቆጥራል። ጅብራ ግን የሚኖረው በአራት ማዕዘን ውስጥ ሳይሆን ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር፣ ቀዝቃዛ አየር ከሚጠራቀምበት አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ መሸሸጊያዎች ከስሌቱ ያመልጣሉ። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊትም ዓለም ከዛሬው ያልተናነሰ ሞቃት ነበረች፤ የጅብራ ወገን በሆነ ጉድጓድ፣ በሆነ ገደል ያንን ዘመን አልፎ መጥቷል። ይህ ተስፋ ነው፤ ባዶ ተስፋ አይደለም።

ነገር ግን የያኔው ሙቀት በሺህ ዓመታት ተሰልፎ መጣ፤ የአሁኑ በአንድ ጅብራ ዕድሜ እየመጣ ነው። ያኔ ቁልቁለቱም የማንም አልነበረም። ዛሬ ገብሱ ወደ ውርጭ ምድር ወጥቷል፤ ከብቱ ከኋላው ይከተላል፤ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፣ ለግጦሽም ይቃጠላል። ተክሉን ከታች እርሻው፣ ከላይ የተራራው ማለቅ ይዘውታል። ገበሬውን ለመውቀስ አልጻፍሁም። መሬቱ ተሸርሽሮና ተከፋፍሎ ያነሰው ሰው ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ ምን አለው? ከባቢ አየሩን ያሞቀው ጢስም ከእሱ ምድጃ የወጣ አይደለም። እሱና ጅብራው በአንድ ኃይል እየተገፉ ወደ አንድ ጠባብ ቦታ የሚሸሹ ናቸው፤ ይህ እውነት ልቤን ይከብደዋል።

የመጠበቁ ሥራ እስካሁን በሁለት ስፍራዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሁለቱም ከፍተኛ ጫፎች ስላሏቸው ጅብራን ቢያንስ በከፊል ያተርፉት ይሆናል። የእኔ ጭንቀት ያለው በእነዚያ ስም ባልወጣላቸው፣ ጫፋቸው አጭር በሆነ ተራሮች ላይ ነው። ውርሱ መጀመሪያ የሚጠፋው ከእነሱ ነውና ዘር መሰብሰብ ያለበትም ከእነሱ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አላት፤ የተመሠረተው የጤፋችንን፣ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ዘር ለማቆየት ነበር። የማይበላ ተክል ዘርም እዚያ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ፤ እያንዳንዱ ተራራ በየስሙ ተለይቶ፣ የጮቄው ከባሌው ሳይቀላቀል።

ሌላው ሥራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ዓይን ይጠይቃል። ሳነቲ ላይ ቆመው ያሉት ትልልቆቹ ጅብራዎች የበቀሉት ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ አየር ነው። እነሱን ቆጥሮ ተክሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ የቆመው ግንድ ስለ ትናንት እንጂ ስለ ዛሬ አይነግረንም። መቆጠር ያለባቸው ሣሩ ውስጥ የተደበቁት ችግኞች ናቸው፤ ገና ግንድ ያላወጡ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ። እነሱም ከሜዳው መሐል ሳይሆን ከታችኛው ዳርቻ፣ አስታው አልቆ ጅብራው ከሚጀምርበት መስመር ላይ ሊቆጠሩ ይገባል። በዚያ መስመር ላይ ትልልቁ ቆሞ ትንንሹ ከታጣ፣ ውርጩ ያንን ቦታ ለቆ ሄዷል ማለት ነው።